መስኮት የሚያድሉት እትዬ አሰፋሽ

እትዬ አሰፋሽን በደንብ ነቅቼ ያየሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የማታ ፈረቃ ነኝ፤ ሰው ሲተኛ ቶሮንቶ ኤርፖርት ውስጥ ወለል አጸዳለሁ፣ ሰው ሲነሳ በአውቶቡስ ወደ ዌስተን፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እሳቸው ሬክስዴል ላይ ይሳፈራሉ። ቦርሳዬን ከአጠገቤ ወንበር አንስቼ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግማሹን ሰምቼ ግማሹን አልሜ ነው የማውቀው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጭጋግ ከበዛባችሁ ጥፋቱ የእንቅልፌ ነው።

"ተኚ መሲዬ፣ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ" ይሉኛል።

መቀስቀስ ይችላሉ፣ የሚወርዱበት ቦታ የላቸውማ። መስመሩ መጨረሻ ድረስ ሄደው በዚያው አውቶቡስ ይመለሳሉ። ልጃቸው ቤዛ ሥራ ስትሄድ፣ የልጅ ልጃቸው ሐሴት ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ጭር ያለ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ የሰው ድምፅ ያለበት አውቶቡስ ይሻላል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እኔ ብሆን ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ስጣላ ነበር የምውለው።

እሳቸው ግን አይጣሉም። ጉንጫቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው መስኮት ያድላሉ። መንገድ ዳር ያሉትን ፎቆች እያዩ፣ ደስ ያላቸውን መስኮት ለሚያውቁት ሰው ይሰጣሉ። "ያቺ የጥጓ፣ የጠዋት ፀሐይ የምትገባባት፣ ለሀፍሳ ትሁን፤ መስገጃዋን እዚያ ታነጥፋለች። ያቺ የታችኛዋ ለሳህሉ፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም።" የሞተ ሰውም አይቀርበትም። ባላቸው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፣ ግን ሃምበር ወንዝን ቁልቁል የሚያይ መስኮት አላቸው፤ እኔ እንኳ ሳልፍ ቀና ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ከወንዙ ጭጋግ ተነስቶ ፎቆቹን ሁሉ የዋጠ ጠዋት ደግሞ እትዬ አሰፋሽ አይናደዱም። "ዛሬ አይታይም እንጂ አለ" ይላሉ።

"ለእርስዎስ?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

"ለራስ ይታደላል እንዴ? ማኅበር ላይ አሳላፊ ሆነሽ አታውቂም? አሳላፊ መጨረሻ ነው የሚደርሰው" አሉና ሳቁ።

በደርግ ጊዜ በካርቱም አድርገው ነው የመጡት። ወጣትነታቸውን የሆቴል አንሶላ እያጠቡ ጨረሱ፤ ዌስተን ውስጥ በተከራዩት አንድ መኝታ ቤት ልጅ አሳደጉ፣ ባል ቀበሩ። ሐሴት ስትወለድ ቤዛ "እማዬ ነይልኝ" አለቻቸው፤ ቤታቸውን ለቀው ሬክስዴል፣ ልጃቸው ቤት ሥር ያለው ቤዝመንት ገቡ። ቤዝመንቱ ይሞቃል፣ ንጹህ ነው። መስኮቱ ግን ከሣሩ እኩል ስለሆነ የሰው እግርና የመኪና ጎማ ብቻ ነው የሚያሳየው። እሳቸው በዚህም ይቀልዳሉ። "ጫማውን አይቼ ማን እንደመጣ፣ አረማመዱን አይቼ ምን እንዳናደደው አውቃለሁ" ይላሉ።

ቤዛ መጥፎ ልጅ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳትፈርዱባት። እናቷን ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ ጫማቸውን ራሷ ትገዛለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋባቸው አታውቅም። ችግሩም ይኸው ነበር፤ ጥሩ ልጅን በምን አፍ እምቢ ይሏታል?

በኅዳር ይመስለኛል፣ ቤዛና ባሏ ባሪ የሚባለው ከተማ አዲስ ቤት ገዙ። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ነው፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። በሰመር ሊገቡ ነው። ለእናቷም ፎቅ ላይ ብርሃን ያለው ክፍል አዘጋጅታለች። የነገሩኝ ቀን እትዬ አሰፋሽ አንድም መስኮት አላደሉም።

"ያምራል፤ አየሩም ንጹህ ነው" አሉ። ከዚያ መስታወቱን በእጃቸው ጠርገው፣ "ሰፈሩ አዲስ ነው። አውቶቡስ ገና አልገባለትም አሉ" አሉ።

እንቅልፌ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያናቸው እዚህ፣ ጓደኞቻቸው እዚህ፣ ባላቸው የተቀበሩት እዚህ። "አልሄድም በሏታ!" አልኩ፤ አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ምን ብዬ? ሰው ምን ይላል? 'ቤዛ እናቷን ጥላ ሄደች' ይሉብኛል። በእኔ ምክንያት የልጄ ስም ይነሳ?"

ይሉኝታ! እኔ ብቻዬን ብሆን ይሉኝታን ጎትቼ ወንዝ እከተው ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ናኦሚ የምትባል ሴት ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጣች፤ በማግስቱ መስጊዱም ሄዳለች። የአረጋውያንን የመኖሪያ ጉዳይ የሚከታተል ማኅበር ውስጥ ነው የምትሠራው። ዌስተን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባዶውን የቆመ አሮጌ ፎቅ አለ፤ ከተማው ሊያድሰው ነው፤ ለማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቀርበው ችግራቸውን ካስረዱ፣ ከፊሉ ለእነሱ ትናንሽ ቤቶች ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ማድቤት፣ ጎረቤቱ የሚያወራው ሰው።

እትዬ አሰፋሽ በሚቀጥለው ቀን አውቶቡሱ በዚያ ሕንጻ በኩል ሲያልፍ ጉንጫቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። በረዶው በጣሪያው ላይ እየቦነነ፣ ባዶዎቹ መስኮቶች ሁሉ ወደ እኛ እያዩ ነበር፤ ወይም አልሜው ይሆናል። እጃቸው ክንዴን አጥብቆ ይዞ እንደነበር ግን አላለምኩትም።

ስብሰባው በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሆነ። አዛውንቶቻችን ለሠርግ እንደተጠሩ ለብሰው መጡ። የከተማው ኮሚቴ ሰብሳቢ መነጽር ያደረገች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። "የምትኖሩበት ቤት እንዴት ነው? ምን ይቸግራችኋል?" ብላ ጠየቀች፤ ናኦሚ ተረጎመች።

መጀመሪያ ጋሽ ሳህሉ ተነሱ። ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን የሚበዛ ፎቅ ላይ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም። ካናዳ ተቀብላ አኖረችኝ፤ ውለታዋን ከፍዬ አልጨርሰውም" ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸው።

እትዬ ሀፍሳ ተከተሉ። ልጃቸው ሪድዋን ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት። "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ እንደ ንግሥት ነው የያዘኝ" አሉ።

እትዬ አሰፋሽም፣ "ልጄ ትልቅ ቤት ገዝታለች፣ ይዛኝ ትሄዳለች። ያምራል" አሉ። ሌሎቹም እንደዚያው። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። አዳራሹ የምስጋና ጸሎት የሚደረስበት መሰለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሰብሳቢዋ ከልቧ ተደስታ፣ "ቤተሰቦቻችሁ እንዲህ ስለያዟችሁ እድለኞች ናችሁ" አለች። ዶናት ተበላ። የኮሚቴው ሰዎችም ሄዱ።

ናኦሚ መኪና ማቆሚያው ላይ ራሷን ያዘች። "ሩሙ በሙሉ ሃፒ ነው ብለው ሄዱ እኮ! ኒድ የለም፣ ችግር የለባቸውም ማለት ነው! ጋሼ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ ኮል የሚያደርጉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እና በሰው ፊት ቆሜ ልለምን?" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

"ልመና አይደለም፣ ቾይስ ነው። ከልጄ ጋር ልኑር ካሉ ይኑሩ። ለብቻዬ ካሉ ለብቻዎ። ከጓደኛዬ ጋር ካሉም እንደዚያ። የሚመርጡት ነገር ይኑርዎት ነው የምንለው።"

እኔም በበኩሌ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!" ብዬ ጮህኩባቸው። በእድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ግን ጮህኩ።

ጋሽ ሳህሉ አልተቆጡም። በረዶውን በከዘራቸው እየነካኩ ትንሽ አሰቡ። "ልክ ነሽ። ግን በሽታውን የሚናገረው አስታማሚው ነው እንጂ በሽተኛው አይደለም። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሚስቴን ሳገባ አማቼ ደጅ ራሴ ሄጄ 'ልጅዎን ይስጡኝ' ብል ኖሮ ውሻ ነበር የሚለቁብኝ። ሽማግሌ ላኩና እኔ ቤት ተደብቄ ዋልኩ።"

እትዬ አሰፋሽ ሻርፓቸውን ከአፋቸው ላይ ዝቅ አደረጉ። "እንግዲያውስ አንዳችን ለአንዳችን እንላካ" አሉ።

ናኦሚ ለምና አስለምና ሌላ ቀን አስያዘች፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት የመጨረሻው፣ ሚያዝያ ላይ።

እስከዚያው ያለው ጊዜ ለእኔ አንድ ረጅም ሕልም ነው። ሽማግሌ የሚሆን ሰው የላኪውን ጉዳይ ማወቅ አለበትና፣ አዛውንቶቹ እርስ በርስ ቤት ለቤት መጠያየቅ ጀመሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ዛሬ ጋሽ ሳህሉ፣ ነገ እትዬ ሀፍሳ ከእትዬ አሰፋሽ ጎን ይቀመጣሉ፤ እኔ በድምፃቸው መሐል እተኛለሁ። አንድ ቀን አውቶቡሱ መንገዱን ስቶ በዚያ ባዶ ፎቅ ደረጃ ሲወጣ አለምኩ። በየፎቁ እየቆመ በር ይከፍታል፤ አንድ ሰው ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ኮቱን እየሰቀለ ወደ ቤቱ ይገባል። ማንም አይቸኩልም። ጋሽ ገብረ ክርስቶስም ወረዱ። እትዬ አሰፋሽ ብቻ ከሹፌሩ ኋላ ቆመው ሁሉም እስኪወርድ ይጠብቃሉ። "እርስዎም ይውረዱ እንጂ!" ብዬ ስጮህ ራሴን ቀሰቀስኩት።

የስብሰባው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና መንገዱ ሁሉ መስታወት ሆነ። እትዬ አሰፋሽ እንዳይወድቁ ብላ ቤዛ በመኪናዋ አመጣቻቸው። ማንም ይህን አላሰበም። አድርሳቸው ትመለሳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ቆመች።

ጋሽ ሳህሉ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ሁላችንም አብረናቸው ተነሳን። ሰብሳቢዋ እጇን ዘርግታ፣ "እባካችሁ ተቀመጡ" አለች።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሳህሉ። ናኦሚ ተረጎመችው፤ የኮሚቴው ሰዎች ተያዩ። ሽማግሌ ቆሞ እንደሚጠይቅ ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? ያኮረፍን መስሏቸው ይሆናል።

"የመጣሁት ስለ ሀፍሳ ነው" ብለው ጀመሩ። "ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው። ሰው ሳይነሳ ተነስታ አልጋ ልብሷን አጥፋ ትደብቃለች፣ የልጅ ልጆቿ አያታችን የምትተኛበት የላትም እንዳይሉ። ልጇ ደግ ነው፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ቁርኣኗን ገልጣ የምታስቀምጥበት አንድ ጥግ የላትም።" እትዬ ሀፍሳ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ቀጥሎ እትዬ ሀፍሳ በተራቸው ስለ ጋሽ ሳህሉ ተናገሩ። "ሊፍቱ ሲቆም ይህ ሰውዬ በየፎቁ ደረጃ ላይ ቁጭ እያለ ነው የሚወጣው። ሰው ሲያየው 'ስፖርት እየሠራሁ ነው' ይላል። ባለፈው ጊዜ ዳቦውን ይዞ መሐል ላይ ጨለመበት። አላህ ያየዋል፣ እናንተም እዩት።" ጋሽ ሳህሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

አሁን የእኔ ተራ ሆነ። ስለ እትዬ አሰፋሽ እኔ ነበርኩ ሽማግሌዋ። "እትዬ አሰፋሽ..." አልኩና ዞር ስል ቤዛን አየኋት። እናቷን ፈገግ ብላ ታያለች። አፌ ተያዘ። እኔ! አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት የምጮኸው ሴትዮ!

እትዬ አሰፋሽ ሹራቤን ከኋላ ሳቡት። "ተይ መሲ። ቁጭ በይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ልቤ ልቀመጥ አለ፣ እግሬ እምቢ አለ። ሽማግሌ ነኛ! "እትዬ አሰፋሽ ባሪ መሄድ አይፈልጉም" አልኩ። ሌላ ብዙ ያጠናሁት ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋ። "እዚህ፣ ሰዎቻቸው መሐል መኖር ነው የሚፈልጉት። ልጃቸውን ስለሚወዷት ነው ያልነገሯት።"

ናኦሚ ስትተረጉም ቤዛ በወንበሮቹ መሐል አልፋ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች። ጉንጯ ቀልቷል።

"ምንድነው የምትለው? እማዬ፣ ቤቱን ሾው ሳደርግሽ ያምራል አላልሽኝም? ለሐሴት እንኳን አያትሽ ኤክሳይትድ ናት ብያታለሁ እኮ።"

"ያምራል አልኩሽ። ያምራልም።"

"ሶ፣ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም? ፕሊስ እማዬ፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትመልሺልኝ።"

ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ባቡር ከውጭ አለፈ፤ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ በረጅም ትንፋሽ ድምፅ ተሞላ። እትዬ አሰፋሽ የልጃቸውን ካፖርት የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ፈትተው፣ እንደገና ቆለፉት።

"አልሄድም፣ ልጄ" አሉ።

"ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?"

"እንዳይከፋሽ ነዋ።"

"አሁንም እኮ ከፋኝ!" አለች ቤዛ፤ እንባዋ መጣ።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ አሰፋሽ። እሳቸውም አለቀሱ። ቃላቸውን ግን አልመለሱም፣ "ግድ የለም፣ እሄዳለሁ" አላሉም። እኔ ይህን እየጠበቅሁ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ሰብሳቢዋ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ናኦሚ፣ "አልሄድም ነው ያሉት" አለቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ "ሰምተናችኋል። አሁን ተቀመጡ" አለች። ጋሽ ሳህሉ ተቀመጡ፤ እኛም ተቀመጥን።

የጠየቅነው ሁሉ አልተሰጠንም። ከሕንጻው ሁለት ፎቅ ለምነን አንድ ነው ያገኘነው፤ ወረፋ የሚጠብቁ አሁንም አሉ፣ ናኦሚም አሁንም እየተሟገተችላቸው ነው። ቤዛ በሰመር ባሪ ገባች። እድሳቱ እስኪያልቅ እትዬ አሰፋሽ እኔ ጋ ቆዩ። ያለኝ አንድ አልጋ ነው፤ ማታ እሳቸው ይተኙበታል፣ ቀን እኔ። ከሥራ ስመለስ አልጋው ሞቆ ይጠብቀኝ ነበር። እንደዚያ ጊዜ ጥሩ ሕልም አልሜ አላውቅም።

አሁን እሳቸውና እትዬ ሀፍሳ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ለብቻ የሚሆን ትንሽ ቤት ይሰጣችሁ ሲባሉ፣ አንድ ላይ ይሁንልን ያሉት ራሳቸው ናቸው። የሥጋ ድስት ሁለት ነው፣ የክርስቲያንና የእስላም። ጾም ሲገባ ግን የሽሮው ድስት አንድ ይሆናል፣ ጭቅጭቁም ስለ ጨው ብቻ ይሆናል። ጋሽ ሳህሉ ምድር ቤት ደርሷቸው፣ ደረጃ ላይ ሰላም የሚሉት ሰው እንዳጡ ያማርራሉ። ይሉኝታቸው ለቋቸዋል፣ አሁን ማማረር ማን ይቻላቸዋል!

የመጀመሪያው እሑድ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በሩ ተንኳኳ። እትዬ አሰፋሽ ሳሕን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። የልጃቸው ቤዝመንት ውስጥ ማንም አንኳኩቶባቸው አያውቅም ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እዚያው ስለሆነ ሁሉም ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

ድምፁ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሳሕኑን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን በሩ እጀታ ላይ አሳረፉና እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። አልከፈቱም።

"እኔ ማን?"

ቤዛ ከውጭ፣ "ቤዛ ነኝ እማዬ። መግባት ይቻላል?" አለች።

"ይቻላል፣ ልጄ" አሉና ከፈቱላት።